የድመት ጥም

በፉሪ ክፍል ተከራይተን የምንኖር ተማሪዎች ድመት የምናሳድገው ለጌጥ አይደለም፤ ለአይጥ ነው። ከቤተሰብ የተላከልንን በሶና ሽሮ፣ ከዚያም ብሶ የፈተና ደብተራችንን የሚቆረጣጥም ጠላት ሲበዛብን ከጎረቤት አንዲት ግልገል ድመት ለምነን እናመጣለን። ስሟንም እንደ ልማዱ ውሮ እንላታለን። ስለ ቀለቧ ግን ብዙ አናስብም። የተረፈ እንጀራ ይጣልላታል፣ በጣሳ ውሃ ይቀመጥላታል፣ በዚህም ግዴታችንን የፈጸምን ይመስለናል። ውሃው ሳይነካ አቧራ ለብሶ ስናገኘውም «ድመት ውሃ አትወድም» ብለን እናልፋለን።

በውሃ መነካትን መጥላቷ እውነት ነው። ውሃ አያስፈልጋትም ማለት ግን አይደለም። ነገሩን ለመረዳት ወደ ዘር ሐረጓ መመለስ ይገባል። በ2007 (እ.ኤ.አ.) የወጣ የዘር ጥናት እንዳሳየው የዓለም የቤት ድመቶች የተገኙት በመካከለኛው ምሥራቅ ይኖር ከነበረ የዱር ድመት ነው፤ የዚሁ አውሬ ወገን በአገራችንም ዛሬ ድረስ አለ። ምንጭ በራቀበት ደረቅ ምድር የሚኖር አውሬ ደግሞ በየሰዓቱ እየተመላለሰ አይጠጣም፤ አብዛኛውን ውሃ የሚያገኘው ከሚያድነው እንስሳ ሥጋ ነው። የአይጥ ሰውነት ከመቶ 70 ያህሉ ውሃ ስለሆነ፣ ድመት አይጥ ስትበላ ምሳዋንም መጠጧንም ባንድ ጊዜ አገኘች ማለት ነው። ኩላሊቷም ለዚሁ ኑሮ የተበጀ በመሆኑ ሽንቷን ከሰው ሽንት ከሁለት እጥፍ በላይ አወፍሮ ውሃውን ይቆጥብላታል። እንዲያውም በ1959 (እ.ኤ.አ.) የታተመ አንድ ጥናት ድመት በባሕር ውሃ ጥሟን ልትቆርጥ እንደምትችል አመልክቷል። ሰው ይህን ቢሞክር ጥሙ ይብስበታል።

ይህ ጸጋ ግን ዕዳ አለበት። ውሃ ሲጎድላት ጥሙ ቶሎ አይሰማትም፤ ተሰምቷት ብትጠጣም ጉድለቱን ሞልታ አትጨርሰውም። 4 ኪሎ የምትመዝን ድመት ከምግብም ከመጠጥም ተደምሮ በቀን 200 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ያስፈልጋታል። እያንዳንዳቸው 20 ግራም የሚመዝኑ 10 አይጦች ብትበላ 140 ሚሊ ሊትሩን ከእነርሱ ታገኛለች። ከሱፐር ማርኬት የሚገዛው ደረቅ የድመት መኖ ግን ያለው ውሃ ከመቶ 10 ያህል ብቻ ነው፤ 60 ግራም ብትበላ የምታገኘው 6 ሚሊ ሊትር ነው። የቀረውን ከጣሳው ትጠጣዋለች ብሎ መጠበቅ ጠባይዋን አለማወቅ ነው። እንዲህ ሲሰነብት ሽንቷ እየወፈረ ይሄዳል፤ በፊኛዋም ውስጥ አሸዋ መሳይ ነገር ሊጠራቀም ይችላል። ወንዱ ድመት ደግሞ የሽንት ቧንቧው ጠባብ ስለሆነ ሊዘጋበት ይችላል።

በእኛ ቤት ነገሩን የሚያከብደው ጾም ነው። ሁዳዴ ሲገባ 55 ቀን ሥጋና ወተት ከቤት ይወጣል፤ ውሮም ሳትጠየቅ ትጾማለች። አባቶቻችን «ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» ያሉት በሰው ለመሣቅ ቢሆንም፣ ለድመቷ ለራሷ ግን ቃል በቃል እውነት ነው። ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ እንደሚበቃ አድርጎ መሥራት ስለማይችል ከሥጋ ማግኘት አለባት፤ ይህ ለረጅም ጊዜ ሲጎድላት ዐይኗ ይጠፋል፣ ልቧ ይደክማል። ለስላሳ እንጀራ ከግማሽ በላይ ውሃ ስላለው ጥሟን ጥቂት ያስታግስ ይሆናል፤ ምግብ ግን አይሆናትም። ድርቆሽ ሁለቱንም አይሰጣትም። ሽሮ ወጡ ደግሞ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አለበት፤ እነዚህም የድመትን ቀይ የደም ሕዋሳት ይሰባብራሉ።

«ከራባት አይጥ ትያዝ» የሚሉ አሉ። ትናንት የጤፍ ማሳ የነበረው የፉሪ መሬት ዛሬ በአብዛኛው ቤት ሆኗል፤ በየቤቱም የአይጥ መርዝ ይቀመጣል። መርዝ የበላች አይጥ የምትበላው ድመት እርሷም ልትመረዝ ትችላለች።

በተማሪ ኪስ የሚቻለው መንገድ የሥጋ ቤት ሳንባ ነው። ሳንባ ከመቶ 80 ያህሉ ውሃ ነው፤ ጥቂት ልብ ቢጨመርበት ደግሞ ታውሪን ይገኝበታል። ያለ ጨው፣ ያለ ሽንኩርትና ያለ በርበሬ መቀቀል፣ አድቅቆ መክተፍ፣ ከዚያም መረቁን ሳይደፉ በላዩ ማፍሰስ ነው። መረቁ ውሃውን ብቻ ሳይሆን ሲቀቀል ከሥጋው የወጣውን ታውሪን ጭምር ይዟል። ለብ ሲል ብትሰጧት ሽታው ይስባታል፤ የተረፈውን ግን ውሎ እንዳያድር አንሡት። በሁዳዴ ክርስቲያኑ ሥጋ ቤት ቢዘጋ ወደ ሙስሊሙ ሥጋ ቤት መሄድ ነው፤ ውሮ በዚህ ቅር አትሰኝም። ሥጋ ብቻውን ካልሲየም ስለሚያንሰው ለዘለቄታው አይበቃትም፤ ስለዚህ ደረቁን መኖ የሚገዛ ሰው አይተወው፤ በለብ ውሃ ወይም በዚሁ መረቅ ያርሰው። ይህንንም ቀስ በቀስ ማስለመድ ይሻላል። ድመት ምግቧ ባንድ ቀን ሲለወጥ ታኮርፋለች፤ ሁለት ቀን ሙሉ ሳትበላ ከቆየች ደግሞ ጉበቷ ሊታመም ይችላል።

ወተትን በተመለከተ የቆየው እምነት መታረም አለበት። ብዙ ያደጉ ድመቶች የወተትን ስኳር መፍጨት ስለማይችሉ ያስቀምጣቸዋል፤ እንዲጠግቡ የታሰበው ውሃም በዚያው ይወጣል። የጣሳው ውሃ ይቅር አንልም። በፉሪ ውሃ በጀሪካን ስለምናስቀምጥ የሰነበተው ይሸታል፤ በየቀኑ መለወጥና በሰፊ ሳህን፣ ከዐይነ ምድሯ ርቆ ማስቀመጥ ይገባል።

ወንድ ድመት ለሽንት እየተቀመጠ እያማጠ ምንም ካልወጣው፣ ከጮኸም ወይም ብልቱን ደጋግሞ ከላሰ፣ መረቅ በአፉ ማንቆርቆር አይረዳውም። ካልታከመ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ሊሞት ስለሚችል፣ ሌሊትም ቢሆን የእንስሳት ሐኪም መፈለግ ነው። ለመውሰጃ የሚሆን ካርቶን ከየሱቁ በነጻ ይገኛል፤ መተንፈሻ መብሳት፣ ክዳኑንም በገመድ ማሰር አይረሳ።