በደጋ አገር የሚግል ላፕቶፕ

ሆሳዕና ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚልቅ ከፍታ የተቆረቆረች፣ ማለዳና ማታዋ ጋቢ የሚያስደርብ ከተማ ስለ ሆነች፣ በእርስዋም ሆነ በዙሪያዋ በሚገኘው በሌሞ ወረዳ፣ ወይም ወደ ከምባታ ተሻግሮ በዱራሜና በአንጋጫ የሚኖር ሰው፣ ላፕቶፑ ጭኑን እስኪለበልበው ድረስ ሲግልበት፣ ሲንቀራፈፍበትና ባትሪው ሰዓት ሳይሞላ ሲያልቅበት የአገሩን አየር ከቶ አይጠረጥርም። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረ ወዲህ የተማሪው መመረቂያ ጽሑፍ፣ የመምህሩ ማስታወሻ፣ የጽሕፈት ሥራ ቤቱም እንጀራ በዚህ ዕቃ ላይ የቆመ ሆኗልና፣ ዕቃው በተበላሸ ጊዜ ባለቤቱ ተጨንቆ ወደ ጠጋኝ ይሮጣል፤ ጠጋኙም ብዙ ጊዜ ከመመርመሩ በፊት «ፎርማት ይደረግ» ይላል። እኔ ግን ይህ የችኮላ ፍርድ ነው እላለሁ፤ ሦስቱ እክሎች አብረው በታዩ ጊዜ ምንጫቸው አብዛኛውን ጊዜ አንድ፣ እርሱም ሙቀት ነውና፤ ፎርማት ደግሞ ፋይል ይደመስሳል እንጂ ሙቀት አያበርድም።

ፕሮሰሰር የተባለው የስሌቱ ክፍል ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም በማይሰፋ የሲሊኮን ገበታ ላይ በቢሊዮን የሚቈጠሩ ትራንዚስተሮች፣ ማለት እጅግ ረቂቃን የሆኑ ማብሪያ ማጥፊያዎች የሰፈሩበት ሲሆን፣ የሚቀበለው የኤሌክትሪክ ኃይል ሥራውን ከፈጸመ በኋላ በሕገ ተፈጥሮ እንደ ተወሰነው ሁሉም ወደ ሙቀት ይለወጣል። በተለመዱት ላፕቶፖች ይህ ኃይል ከ15 እስከ 45 ዋት ይደርሳል፤ ከዚያ ጠባብ ስፍራ በቶሎ ካልተወገደም ገበታውን ያቃጥለዋል። ሙቀቱን የሚያስወግደው ሥሪት፣ የሰው ጥበብ ካፈራቸው ነገሮች ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ፣ አየሩ የተመጠጠለት፣ ውስጡ ጥቂት ፈሳሽ፣ ብዙ ጊዜም ውኃ ያለበት፣ ጠፍጠፍ ያለ የመዳብ ቱቦ ነው፤ ውኃው በጋለው ጫፍ ተንኖ፣ ከድስት የወጣ እንፋሎት ከክዳኑ ሥር ጠብታ እንደሚሆን ሁሉ በቀዘቀዘው ጫፍ ወደ ፈሳሽነት ይመለስና፣ የቱቦውን ግድግዳ በለበጠው ቀዳዳማ ሽፋን ተስቦ፣ ያለ ሞተርና ያለ ድምፅ መዓልትና ሌሊት ይመላለሳል። በቀዝቃዛው ጫፍ እንደ ወረቀት የሳሱ የብረት ክንፎች ተደርድረዋል፤ ፋኑም በመካከላቸው አየር ይነፋል።

እንግዲህ «አየሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ምን ቸገረ?» የሚል ይኖራል፤ አነጋገሩም እውነትነት አለው፤ ቅዝቃዜው በእርግጥ ይረዳል። ዳሩ ግን አየር ሙቀት የሚሸከመው በቅዝቃዜው ብቻ ሳይሆን በክብደቱም ነው፤ በሆሳዕና ከፍታ ደግሞ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለ ሆነ፣ ፋኑ በአንድ ዙር የሚገፋው አየር በስፋቱ ያው ቢሆንም በክብደቱ ያነሰ ነው፤ ተሸክሞት የሚወጣውም ሙቀት በዚያው ልክ ይቀንሳል። ብዙዎቹ ሠሪዎች ለላፕቶፖቻቸው የሥራ ወሰን አድርገው 3,048 ሜትር የሚጽፉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የከምባታው የአምባሪቾ ተራራ ጫፍ ወደዚያው ወሰን የሚጠጋ ነው። በዚህም ላይ ብርዱ ራሱ ሰውን ወደ አልጋ ይመራዋል፤ ላፕቶፑ በብርድ ልብስ ወይም በጋቢ ላይ በተቀመጠ ጊዜም አየር የሚስብበት የሆዱ ቀዳዳ ይደፈናል።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን አቧራ ነው። በበጋ ወራት ከጥርጊያው መንገድ የሚነሣው ደቃቅ አፈር፣ ከማገዶ የሚወጣው ጥላሸትና ከልብስ የሚረግፈው ቃጫ በፋኑ እየተሳቡ ገብተው በክንፎቹ አፍ ላይ ይጠላለፋሉ። የጀርባው ክዳን ተፈትቶ ፋኑ ከቦታው ሲነሣ ከክንፎቹ ፊት ዳር እስከ ዳር የተጋገረ ግራጫ ድርብርብ ይታያል፤ ጫፉን በወረንጦ ይዘው ሲስቡት ሳይበጠስ ተያይዞ ይወጣል፤ ከበስተኋላው ያሉት ክንፎችም አዲስ እንደ ሆኑ ሲያብረቀርቁ ይገኛሉ፤ ለብዙ ጊዜ አቧራ እንኳ አላለፈባቸውምና። በፕሮሰሰሩና በመዳቡ መካከል የተቀባው ፔስትም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደርቆ ሲፈረፈር ሙቀቱ ወደ ቱቦው የሚሻገርበት መንገድ ይጠብባል።

መውጫ ያጣው ሙቀት ወደ 100 ዲግሪ በተጠጋ ጊዜ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ በሆሳዕና ውኃ በ93 ዲግሪ ገደማ የሚፈላ ስለ ሆነ፣ ይህ በዚያ አገር ከሚፈላ ውኃ የበለጠ ግለት ነው። ባለቤቱ «ሃንግ አደረገ» የሚለው ብዙ ጊዜ ይህንኑ ነው። ሥራው በዘገመ መጠን ስክሪኑ፣ ዲስኩና ፋኑ ያን ያህል ረዥም ጊዜ ኃይል ይበላሉ፤ ትራንዚስተሮቹም በጋሉ ቍጥር ተዘግተው ሳሉ እንኳ የሚያፈስሱት ኤሌክትሪክ ይጨምራል፤ ያም ሌላ ሙቀት ይሆናል። ባትሪው የሚራቆተው በዚህ መንገድ ነው።

ባትሪው ግን ሌላም ጉዳት ያገኘዋል። በ1991 እ.ኤ.አ. ሶኒ ለገበያ ያቀረበው፣ በ2019ም ጉድኢናፍ፣ ዊቲንግሃምና ዮሺኖ የኖቤል ሽልማት የተቀበሉበት የሊቲየም አዮን ባትሪ ኃይል የሚሰጠው የሊቲየም ቅንጣቶች ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ሲመላለሱ ነው፤ ነገር ግን ከቅንጣቶቹ ጥቂት ጥቂቱ በግራፋይቱ ላይ በሚያድግ ሽፋን ውስጥ ለዘለዓለም ታስረው ይቀራሉ። የኬሚስትሪ ሊቃውንት በጥቅሉ እንደሚያስተምሩት ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር የብዙ ኬሚካዊ ለውጦች ፍጥነት እጥፍ ያህል ይሆናልና፣ ሙቀትና ዘወትር 100 ከመቶ ሞልቶ መቀመጥ በአንድነት ባትሪውን ያስረጁታል። ስለዚህ 80 ከመቶ ላይ እንዲቆም ማድረግ መልካም ምክር ነው። መብራት በድንገት በሚጠፋበት አገር ግን ይህን ምክር ሳያመዛዝኑ መቀበል አይገባም፤ የፈተና ወይም የጽሑፍ ማስረከቢያ ሳምንት ሲሆን እስከ ጥግ መሙላት፣ ሌላውን ጊዜ ገደቡን መጠበቅ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ባትሪው ምን ያህል እንደ ደከመ ለማወቅም ግምት አያስፈልግም፤ ዊንዶውስ በሚያወጣው የባትሪ ሪፖርት ላይ ሲሠራ የነበረው አቅምና ዛሬ ሲሞላ የሚይዘው አቅም ተጽፈዋል፤ 48,000 የነበረው 24,000 ሆኖ ከተገኘ የቀረው እኩሌታው ብቻ ነው።

ምርመራው እንግዲህ ከዚህ ይነሣ። ላፕቶፑ የሚዘገየው ከጋለ በኋላ ብቻ ከሆነ ክዳኑ ይፈታ፣ ባትሪው ይነቀል፣ የፋኑ ምላስ እንዳይሽከረከር በጣት ተይዞ አቧራው በለስላሳ ብሩሽ ይጠረግ፣ ፔስቱም ይታደስ። ቀዝቅዞም ሳለ የሚንቀራፈፍ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ራሙ ሞልቶ ሥራው ወደ ዲስክ ሲገፋ፣ በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚዞረው አሮጌ ሃርድ ዲስክ አንድ ዙር እስኪጨርስ ድረስ ባለ 2 ጊጋ ኸርዝ ፕሮሰሰር ከ20 ሚሊዮን የሚበልጥ ምት ያሳልፋልና፣ የሚዞር ክፍል በሌለው ኤስኤስዲ መለወጡ ከማናቸውም ፎርማት የበለጠ ይጠቅማል። ምንም ሳይሠራ የሚግል ከሆነ ታስክ ማናጀር ተከፍቶ ሲፒዩውን የያዘው ማን እንደ ሆነ ይታይ፤ ከእጅ ወደ እጅ ከሚዞር ፍላሽ የመጣ ቫይረስ ቢሆን ፎርማት በተራው ይደርሳል፤ ያውም ፋይሎቹ በሌላ ስፍራ ከተቀመጡ በኋላ። ቻርጀሩም አይረሳ፤ 19.5 ቮልትና 3.34 አምፔር፣ ማለት 65 ዋት የሚሻ ማሽን በ45 ዋት ቻርጀር ሲሠራ፣ ወይ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ወይ እንደ ተሰካ ከባትሪው ይበላል።

ታችፓዱ ከፍ ካለ ወይም የክዳኑ መጋጠሚያ ከተላቀቀ ግን ሌላው ሁሉ ይቆይ፤ በውስጡ ጋዝ የያዘ ያበጠ ባትሪ ነውና ወዲያው ከቻርጀር ይነቀል፣ አይወጋ፣ አይጫን፣ ከቆሻሻ ጋር ወደ እሳት አይጣል፤ በጠጋኝ እጅ እስኪወጣ ድረስም ላፕቶፑ ከአልጋና ከልጆች ርቆ በሲሚንቶ ወለል ላይ ይቀመጥ።