“አዞረኝ” ላለ ሰው መጀመሪያ ምን ይመርመርለት?

ምኒልክ አደባባይ መሐል ያለው ፈረስ የፊት እግሮቹን አንሥቶ በኋላ እግሮቹ መቆም የጀመረው በ1923 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ነቅሎት ከነፃነት በኋላ ወደ ቦታው ቢመለስም አቋቋሙ አልተለወጠም፤ ክብደቱ አንድ ጊዜ ተሰልቶ ከመሠረቱ ጋር ስለተያያዘ ሚዛኑን ለመጠበቅ የሚሠራው ሌላ ሥራ የለም። ከሥሩ ቆሞ ቀና ብሎ የሚያየው ሰው ግን እንደ ነሐሱ አይደለም። የሚዞሩት ታክሲዎቹ እንጂ እሱ አለመሆኑን፣ አንገቱን ወደ ኋላ ሲጥል ሰውነቱ አብሮ እየወደቀ አለመሆኑን፣ የረገጠው መሬት ወደ ቸርችል ጎዳና ቁልቁል ማዘመሙን በየቅጽበቱ ማስላት አለበት። ስሌቱ እስካልተሳሳተ ድረስ እንዲህ ያለ ሥራ እንደሚሠራ እንኳ አያውቅም። ሲሳሳት ከአፉ የሚወጣው አንድ ቃል ነው፤ “አዞረኝ።”

ችግሩ የሚጀምረው ከዚሁ ቃል ነው። እህል ሳይቀምስ ውሎ ብድግ ሲል ዓይኑ ጭልም ያለበትም፣ አልጋው ላይ ሲገላበጥ ቤቱ እንደ እንዝርት የተሽከረከረበትም፣ ሲመሽ እንደ ሰከረ ሰው የሚንገዳገደውም፣ ገበያ መሐል ራሱን ጭው የሚያደርገውም ሁሉም “አዞረኝ” ይላሉ። የመጀመሪያው ከደም ዝውውር፣ ሁለተኛው ከጆሮ፣ ሦስተኛው ከነርቭ ወይም ከሁለቱም ጆሮዎች ጉዳት፣ አራተኛው ከማይግሬን ወይም ከጭንቀት ሊመጣ ይችላል። ሰፈር ውስጥ ግን መልሱ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ “ደም ማነስ ነው”፣ “ግፊት ነው”፣ “ጨጓራ ነው”። አቅም ያለው ደግሞ በቀጥታ ሲቲ ስካን ልነሣ ይላል። እዚህ የምከራከረው ለአንድ ነገር ነው፤ ስለ ማዞር ብዙ የሚናገረው ምርመራ ከሁሉም ርካሹ ነው። የሚፈልገው ጥቂት ጥያቄ፣ የግፊት መለኪያ፣ አንድ አልጋ እና የታማሚውን ዓይን አተኩሮ የሚያይ ባለሙያ ነው።

ይህን ለመረዳት ሚዛን እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይረዳል። ሚዛን የአንድ አካል ሥራ ሳይሆን በሦስት ምስክሮች ቃል ላይ የሚሰጥ ፍርድ ነው። አንዱ ምስክር ዓይን፣ ሁለተኛው ከእግር፣ ከመገጣጠሚያና ከጡንቻ የሚመጣ ስሜት፣ ሦስተኛው ውስጠኛው ጆሮ ነው። በእያንዳንዱ ጆሮ ውስጥ ፈሳሽ የሞላባቸው ሦስት ግማሽ ክብ ቱቦዎች አሉ፤ ጭንቅላት ወደየትም ቢዞር ከሦስቱ ቢያንስ አንዱ ዙረቱን ይናገራል። ከእነሱ ጋር የተያያዙት ሁለት ከረጢቶች ደግሞ የኖራ ድንጋይ የሚሠራበትን ካልሲየም ካርቦኔት በደቃቅ ቅንጣት መልክ ይዘዋል፤ ወደ ታች የቱ እንደሆነ የሚጠቁሙት በነዚህ ቅንጣቶች ክብደት ነው። ዳኛው አንጎል ነው። በአደባባዩ አጠገብ ባለው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ሌሊቱን በማኅሌት የሚቆሙ ካህናት የሚይዙት መቋሚያ ድካም ብቻ አይደለም የሚያቀለው፤ በእጅ የሚሰማ ትንሽ ንክኪ እንኳ የሰውነትን መወዛወዝ እንደሚቀንስ በምርምር ታይቷል። መቋሚያ ለሁለተኛው ምስክር ተጨማሪ ቃል ነው። ምስክሮቹ ሲጣሉ ዳኛው ግራ ይጋባል፤ ማዞር የምንለው ያንን ነው።

አሁን ወደ አልጋው እንምጣ። ከጆሮ ከሚነሡት ማዞሮች ሁሉ በብዛት የሚገኘው ቅንጣቶቹ ከከረጢታቸው ወጥተው ቱቦ ውስጥ ሲገቡ የሚመጣው ነው። ሰውየው ደህና ውሎ ሲተኛ፣ ጎኑን ሲቀይር ወይም ሐውልት ለማየት ቀና ሲል ዓለም ትሽከረከርበታለች፤ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ይተወዋል። ማርጋሬት ዲክስ እና ቻርልስ ሆልፓይክ እ.ኤ.አ. በ1952 ለንደን ውስጥ የጻፉለት ምርመራ ዛሬም አልተሻረም። ታማሚው አልጋ ላይ ይቀመጣል፤ ባለሙያው ጭንቅላቱን 45 ዲግሪ ወደ አንድ ጎን አዙሮ ፈጠን ብሎ በጀርባው ያስተኛዋል፤ ጭንቅላቱ ከአልጋው ጠርዝ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ዓይኑን ግን መክደን የለበትም። ጥቂት ሰከንዶች ምንም አይታይም። ከዚያ የዓይኑ ብሌን ወደ ላይ እየዘለለ መጠማዘዝ ይጀምራል፤ ታማሚው የባለሙያውን ክንድ ጨምድዶ ይይዛል፤ ብዙም ሳይቆይ ሁሉም ጸጥ ይላል። ምርመራው እዚያው ወደ ሕክምና ይሸጋገራል። አሜሪካዊው ጆን ኤፕሊ እንዳሳየው ጭንቅላቱን ደረጃ በደረጃ ወደ ሌላው ጎን ማዞር፣ በጎን ማስተኛትና ቀስ ብሎ ማስነሣት ቅንጣቶቹን ወደ ቦታቸው ይመልሳል። ኤፕሊ ይህን እ.ኤ.አ. በ1980 ሲያቀርብ ብዙ የሙያ አጋሮቹ አላመኑትም ነበር፤ ዛሬ ግን አብዛኞቹ ታማሚዎች በአንድ ወይም በጥቂት ቀጠሮ ይድናሉ። ክኒንም ሆነ የብረት እንክብል እነዚህን ቅንጣቶች ከቦታቸው አያነቃንቅም።

ሁሉም ማዞር እንዲህ በቀላሉ እንደማይፈታ ግልጽ ነው። እዚህ ላይ ከአዟዟሩ ይልቅ ሰዓቱና መቀስቀሻው ይበልጥ ይናገራሉ። በሰከንዶች የሚያልፍና በእንቅስቃሴ የሚነሣው ወደ ቅንጣቶቹ ይጠቁማል። ደቂቃዎችን ወይም ሰዓታትን የሚቆይ፣ ጆሮን የሚያደነቁርና የሚጮኽበት ከሆነ ፈረንሳዊው ሜኒዬር እ.ኤ.አ. በ1861 የገለጸው በሽታ ይታሰባል፤ ለዚህ የመስማት ምርመራ ግድ ነው። ቀናትን ሳያቋርጥ የሚቆየው የጆሮ ነርቭ ብግነት ወይም ስትሮክ ሊሆን ይችላል። የአንገት በላይ ሐኪም ካስፈለገው የቪየናው ሮበርት ባራኒ እ.ኤ.አ. በ1914 የኖቤል ሽልማት ያገኘበትን ሥራ ይጠቀማል፤ ከሰውነት ሙቀት የቀዘቀዘና የሞቀ ውሃ (30 እና 44 ዲግሪ ሴልሺየስ) ተራ በተራ ጆሮ ውስጥ በማፍሰስ የግራና የቀኙ ጆሮ ጉልበት በዓይን እንቅስቃሴ ይነጻጸራል። ካሜራ የተገጠመለት መነጽርም ይህንኑ የዓይን እንቅስቃሴ ይቀርጻል። መሣሪያው ቢረቅም የሚያነበው ያንኑ ዓይን ነው።

“ማሽን አይሳሳትም፤ ስትሮክ ወይም ዕጢ ቢሆንስ?” የሚለው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ በከፊልም ትክክል ነው። ማዞሩ በድንገት መጥቶ ንግግር ካኮላተፈ፣ አንድን ነገር ሁለት አድርጎ ካሳየ፣ ፊት ወይም እጅና እግርን ካደነዘዘ ወይም ካዛለ፣ አዲስና ከባድ የራስ ምታት ካስከተለ፣ ሳይደገፉ መቆም ከከለከለ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል፤ ሰፈር ውስጥ መመካከሪያ ጊዜ የለም። ሆኖም ሲቲ ስካን ደም መፍሰስን ጥሩ አድርጎ ቢያሳይም ከጀርባ ባለው የአንጎል ክፍል በደም መርጋት የሚመጣውን ትኩስ ስትሮክ ብዙ ጊዜ ያልፈዋል። ኤምአርአይ እንኳ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት አንዳንዱን ይስታል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት የሠለጠነ ሐኪም በአልጋ ዳር ሦስት የዓይን ምርመራዎችን ሲያደርግ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከኤምአርአይ በተሻለ ስትሮክን እንደሚለይ አሳይቷል። ስለዚህ ንጹሕ ፎቶ ብቻውን ነፃ አያወጣም፤ ማሽኑን የት ላይ ማነጣጠር እንዳለበት የሚነግረው የአልጋ ዳሩ ምርመራ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከኑሯችን ይነሣል፤ “በእኛ አገር እኮ ማዞር በአብዛኛው ከደም ነው፤ ጾም አለ፣ ደም ማነስ አለ፣ ግፊት አለ።” ይህም ውሸት አይደለም። ሆኖም ደም ነው ማለት መገመት ሲሆን መለካት ሌላ ነው። ታማሚው ተኝቶ ግፊቱ ይለካል፤ ከቆመ በኋላ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ይደገማል። የላይኛው ቁጥር በ20፣ ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ የጭልምታው ምክንያት ተገኘ ማለት ነው፤ ከዚያ የውሃ እጥረት ይሁን የግፊት መድኃኒት ብዛት ይጣራል። ቁጥሩ ካልወረደና ማዞሩ አልጋ ላይ ተኝቶም የሚነሣ ከሆነ ጥፋቱን በጾም ላይ መጣል አይቻልም። “ወረፋው ረጅም ስለሆነ ሐኪሙ ለዚህ ሁሉ ጊዜ የለውም” ለሚልም መልሱ አጭር ነው፤ ግፊቱም አልጋውም ተደምረው ለፎቶ ከሚጠበቀው ጊዜ ያንሳሉ።

ፎቶ ጨርሶ የማያሳየው ጉዳትም አለ። የሳንባ ነቀርሳ ለብዙ ዘመን በታከመበት አገር ስትሬፕቶማይሲን የብዙ ሰው መርፌ ነበር፤ ይህ መድኃኒትና ጄንታማይሲን የሚዛንን ሕዋሳት፣ ካናማይሲንና አሚካሲን ደግሞ ይበልጥ የመስማትን ሕዋሳት ሊገድሉ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ1952 አንድ ሐኪም በስትሬፕቶማይሲን ሚዛኑን ካጣ በኋላ ስለ ራሱ ሲጽፍ፣ መጽሐፍ ለማንበብ ጭንቅላቱን በአልጋው ብረቶች መካከል ማስደገፍ እንደነበረበት ገልጿል፤ የልቡ ትርታ ብቻ ፊደሎቹን ያዘልላቸው ነበር። እንዲህ ያለው ሰው መሬቱ አይሽከረከርበትም፤ ሲሄድ የታክሲ ታፔላ ይንቀጠቀጥበታል፣ ሲመሽ ይንገዳገዳል፣ ሳይጠጣ ሰካራም ይባላል። ጉዳቱ የሚገኘው ጭንቅላቱን እያወዛወዘ ፊደል ሲያነብና ዓይኑን ጨፍኖ ስፖንጅ ላይ ሲቆም ነው። ለሐኪሙ የቀድሞ መርፌዎችን መናገር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ በሕክምና ላይ ያለ ሰው ግን መድኃኒቱን በራሱ ማቋረጥ የለበትም።

ስለዚህ ማዞር የያዘው ሰው ወደ ሐኪም ከመሄዱ በፊት አራት ነገር በወረቀት ይጻፍ፤ መቼ እንደጀመረው፣ አንዱ ዙር ስንት ሰከንድ፣ ደቂቃ ወይም ሰዓት እንደሚቆይ፣ ምን ሲያደርግ እንደሚነሣ፣ አብሮ ምን እንደሚሰማው። የሚወስዳቸውን መድኃኒቶችም ይያዝ። የማዞር ማስታገሻ ክኒን ለጥቂት ቀን ጠቃሚ ነው፤ ለወራት ሲዋጥ ግን አንጎል ጉዳቱን ማካካስ እንዳይለምድ ያዘገየዋል። ሐኪሙ ፎቶ ከማዘዙ በፊት “ሲተኙ ነው ሲነሡ የሚያዞርዎት?” ብሎ ከጠየቀና አልጋው ላይ ካስተኛ ምርመራው በትክክለኛው ቦታ ጀምሯል። ካልጠየቀ ታማሚው ራሱ ይንገረው።