ማረፊያ የሌለው ዜማ

ፒያኖ ላይ ከዶ ተነስቶ ቀጣዩ ዶ ላይ ሳይደረስ ነጩም ጥቁሩም ቁልፍ ሲቆጠር 12 ነው። እነዚህን 12 ድምፆች አንዱንም ሳይደግሙ፣ አንዱንም ሳይዘሉ በተርታ ለመደርደር 479,001,600 መንገድ አለ። እያንዳንዱን ተርታ በ6 ሰከንድ የሚያዳምጥ ሰው ቢገኝ፣ ሳይተኛና እህል ሳይቀምስ 91 ዓመት ይፈጅበታል። እኔ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ያደግሁ፣ እንጅባራ ኮምፒውተር የማስተምር፣ ሲመሽ ክራር የምነካካ ሰው ነኝ። መደርደሩን ለማሽኑ ትቼ መስማቱን ለራሴ አስቀረሁ።

ድርደራውን ሕግ ያደረገው የቪየናው አርኖልድ ሾንበርግ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ1923 የጨረሰው ኦፐስ 25 የተባለው የፒያኖ ድርሰቱ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ተርታ የተሠራ ነው። ሕጉ አጭር ነው፤ 12ቱም ሳይሰሙ የተሰማው አይደገምም። አንድ ድምፅ ከተደጋገመ ጆሮ እንደ ቤቱ ይቆጥረዋል፤ ሾንበርግ ደግሞ የፈለገው ቤት የሌለው ዜማ ነበር። የተገኘው ተርታ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይነበባል። ይገለበጣልም፤ ሦስት እርምጃ የወጣው ሦስት እርምጃ ይወርዳል፣ ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ ዘንገና ዳር ያለ ዛፍ ውኃው ላይ ቁልቁል ቆሞ እንደሚታየው። የተገለበጠውም በተራው ከኋላ ይነበባል። አራቱ መልኮች ከ12ቱ ድምፆች እየተነሱ ሲጻፉ 48 ይሆናሉ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፒየር ቡሌዝን የመሳሰሉት የሙዚቃ ደራሲዎች የድምፁን ርዝመትና ጉልበት ጭምር በተርታ ገዙት፤ አካሄዱም ሲሪያሊዝም ተባለ። እውነቱን ለመናገር እኔ እዚያ ድረስ አብሬያቸው አልሄድም፤ ጆሮዬ ይደክማል።

ለዚህ ሥራ የሚሆኑት ፕሮግራሞች ገንዘብ አይጠይቁም። ሶኒክ ፓይን ሳም አሮን የሠራው ለተማሪ ቤት ልጆች ነው፤ ኮድ ትጽፋለህ፣ ድምፅ ይወጣል። አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ መብራት ቢጠፋም የላፕቶፑ ባትሪ እስካለ ይሠራል። ከ60 እስከ 71 ያሉት ቁጥሮች 12ቱ ድምፆች ናቸው፤ አደባልቀህ ተጫወት የሚል አንድ መስመር ይበቃል። አንድ ጠባይ ግን አለው፤ ዕጣ አወጣጡ ቋሚ ነው። መነሻ ቁጥሩን ካልቀየርክለት ዛሬ ያወጣውን ተርታ ነገም ያንኑ ያወጣዋል። ተማሪዎቼ ‘ቲቸር፣ ይሄ ምኑ ዕጣ ነው?’ ይሉኛል፤ ልክ ናቸው። በአሜሪካው ኤም አይ ቲ የተጀመረው ሙዚክ21 ደግሞ በፓይተን የሚሠራ ሲሆን የሾንበርግን፣ የተማሪዎቹን የበርግንና የቬበርንን ተርታዎች በውስጡ ይዟል፤ 48ቱን መልክ ያሰላል፣ ውጤቱን ሙዝስኮር በኖታ ያሳየዋል። የሁሉም ኮድ ክፍት ስለሆነ ቪየና የማታውቀውን ነገር ማስገባት ትችላለህ። እኔ ቅኝት አስገባሁበት።

አምስትና አሥራ ሁለትን የማገናኘት ጥያቄ በአገራችን የቆየ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝን የገነቡት ባለ5 ድምፅ ቅኝቶቻችንን ከባለ12 ድምፁ የምዕራብ ሙዚቃ ጋር፣ አንዱ ሌላውን ሳይውጠው በማዋሐድ ነው። ከእሳቸው ሥራ ጎን እምብዛም የማይነሳ ሌላ ሰው አለ፤ ካይሮ የተወለደው ሐሊም ኤል ዳብ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ኒው ዮርክ በኮሎምቢያ ፕሪንስተን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ይሠራ ነበር፤ ከማዕከሉ መሪዎች አንዱ የአሜሪካው የሲሪያሊዝም አውራ ሚልተን ባቢት ነበር። ኤል ዳብ ከዚያ ወጥቶ በ1962 አዲስ አበባ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ሲመሠረትም መሲንቆን፣ ክራርን፣ በገናን፣ ዋሽንትንና እምቢልታን አንድ መድረክ ላይ ካሰባሰቡት ሰዎች አንዱ እሱ ነው።

ወደ ላፕቶፔ ልመለስ። መጀመሪያ የትዝታ ሜጀርን አምስት ድምፆች ብቻ አስደረደርኩ፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። የሚወጣው 120 ተርታ ነው። አንዱም ከትዝታ አላመለጠም። በየትኛውም ቅደም ተከተል ብትበትነው ትዝታ ቤቱን ይዞ ይዞራል።

ቀጥሎ ያሰብኩት አልባን በርግን ነው። የሾንበርግ ተማሪ የነበረው በርግ በ1935 በጻፈው የቫዮሊን ኮንቸርቶ፣ ተርታው ውስጥ ጆሮ የለመዳቸውን ኮርዶች ደብቆ ነበር። ቅኝትስ መደበቅ አይቻልም? ፒያኖውን ተመልከቱት። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነጭ ናቸው። አምስቱ ጥቁር ቁልፎችም ብቻቸውን ትዝታ ሜጀር ናቸው። የሚቀሩት ሁለት ብቻ፣ ፋና ሲ። እንግዲህ አንድ ባለ12 ተርታ ውስጥ ሁለት ሙሉ ትዝታ ሳይነካካ ይገባል ማለት ነው።

ፕሮግራሙ ሌሎቹንም እንዲሞክር አዘዝኩት፤ ቅኝቱን ግማሽ ድምፅ በግማሽ ድምፅ እያነሳህ ከራሱ ጋር አንድም ድምፅ የማይጋራበትን ቦታ ፈልግ አልኩት። ትዝታ ሜጀር ሦስት ቦታ አገኘ። አንቺሆዬ ሁለት አገኘ፤ ዶን ዜሮ ብለን ብንቆጥር አንቺሆዬ 0፣ 1፣ 5፣ 6፣ 9 ነው፤ ሁለት ከፍ ሲል 2፣ 3፣ 7፣ 8፣ 11 ይሆናል፣ የሚተርፉት 4 እና 10 ናቸው። ትዝታ ማይነር፣ አምባሰልና ባቲ ሜጀር ግን ምንም ቦታ አላገኙም። የትም ብትወስዳቸው ቢያንስ አንድ ድምፅ ከራሳቸው ጋር ይጋጫል። (ይህ ሁሉ የፒያኖ ስሌት ነው፤ በጆሮ የተቃኘ ክራር ከፒያኖ ቁልፍ ጋር በልክ አይገጥምም።)

ወረቀት ላይ የገጠመ ሁሉ ጆሮ ላይ አይገጥምም። ባለሁለት ትዝታውን ተርታ መሲንቆ ለሚጫወቱት አጎቴ አሰማኋቸው። ‘ሁለት ሰው እየተቀባበለ የሚያወራ ነው’ አሉ፤ መጋጠሚያውን ወዲያው ሰምተውታል። የአንቺሆዬው ተርታ ሲመጣ ግን ፊታቸው ተለወጠ። ‘አንተ፣ ይሄ የት ነው የሚያርፈው?’

‘አያርፍም ጋሼ፣ እንዲያ ተብሎ ነው የተሠራ።’

‘የማያርፍ ከሆነ ማን ያጨበጭብለታል?’

ለሾንበርግ የሚመች ቅኝት ቢፈለግ እኔ አንቺሆዬን እመርጣለሁ። ከመነሻው ያልተረጋጋ ነው፤ ቤቱን ስታሳጣው እንደ ትዝታ አያሳዝንም። ግጥም ልጨምርበት አስቤም ነበር፤ ነገር ግን አፌን የፈታሁበት አገውኛ የድምፅ ከፍታና ዝቅታ ትርጉም የሚለይበት ቋንቋ ነው፣ የቋንቋ አጥኚው ሮበርት ሄትዝሮን ሦስት ደረጃ ቆጥሮበታል። ስለ ቃሉ ግድ የሌለው ተርታ ቃሉን ያበላሸዋል ብዬ ተውኩት።

የሰነበትኩት አምባሰል ላይ ነው። ከዶ ተነስቶ ሁለት ግማሽ ድምፅ ከፍ ሲል ከራሱ ጋር የሚጋራው ሶልን ብቻ ነው። ሁለቱ አምባሰሎች ሲደመሩ ዘጠኝ ድምፅ ይሰጣሉ፣ ሶል ሁለቴ ይሰማል፤ በሾንበርግ ሕግ የተከለከለ ነገር ነው። ክራሬ በአንድ ቅኝት ስለሚታሰር ያን ሁሉ ድምፅ አይችልም፤ መሲንቆ ግን አንድ ጭራ ስለሆነ ጣት ባረፈበት ሁሉ ይናገራል። ጋሼ ሰምተው ‘ቀስ አርገህ ድገመው’ አሉኝና መሲንቋቸውን አነሱ። ጥቂት ከተከተሉት በኋላ ሁለተኛውን ሶል ካለበት አንስተው መጨረሻ ላይ አደረጉት። አሁን ሙዝስኮር ላይ ያስቀመጥኩት የእሳቸውን ነው።