ቁልፉን ከመስጠትዎ በፊት መኪናውን አብራችሁ ዙሩት

መንጃ ፈቃድ በወጣ ማግስት በብዙ ቤት የሚሰማው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። «አባዬ፣ ቁልፉን ስጠኝ» ወይም «እማዬ፣ ዛሬ እኔ ልንዳ»። ወላጅ ደስ ይለዋል፣ ሆዱ ግን ይፈራል። ፍርሃቱን ለማብረድ ብዙዎቻችን «ቀስ ብለህ ንዳ»፣ «ተጠንቀቂ» ብለን ቁልፉን እንሰጣለን። ምክሩ መልካም ነው። ነገር ግን ፍሬኑ የደከመ፣ ጎማው ያለቀ መኪና ቀስ ተብሎ ቢነዳም አደጋ ነው።

ማሠልጠኛ ተቋማት ስለ ተሽከርካሪ ክፍሎችና ከጉዞ በፊት ስለሚደረግ ፍተሻ ያስተምራሉ። ይሁንና ልጁ የተማረው በማሠልጠኛው መኪና ሲሆን የሚነዳው የቤቱን ነው። የቤቱን መኪና ጠባይ የሚያውቀው ወላጅ ነው። የእጅ ፍሬኑ ምን ያህል ሲሳብ እንደሚይዝ፣ የትኛው ጎማ አየር እንደሚቀንስ፣ የዝናብ መጥረጊያው በየት በኩል እንደሚነሳ የሚነግረው ሌላ ሰው የለም። ስለዚህ ቁልፉ ከመሰጠቱ በፊት መኪናውን አብሮ መዞር ያስፈልጋል። ከለመዱት አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

መጀመሪያ መሬቱን ማየት

ፍተሻው ከመኪናው ውጭ ይጀምራል። ግቢ ውስጥ የቆመ መኪና ከመነሳቱ በፊት ዙሪያውን መዞር፣ ጎንበስ ብሎም ከሥሩ ማየት ይገባል። ሕፃናት ከመኪና ኋላ ተቀምጠው ይጫወታሉ፣ ኳሳቸውም ከሥሩ ይገባል። አንድ የሁለት ወይም የሦስት ዓመት ልጅ ከመኪናው ጀርባ ተጠግቶ ከቆመ በስፖኪዮም ሆነ በኋላ መስኮት ላይታይ ይችላል። የልጅ ልጆች በሚውሉበት ቤት አንድ ደንብ ቢኖር ጥሩ ነው። መኪና ወደ ኋላ ከመሄዱ በፊት እያንዳንዱ ሕፃን በአዋቂ እጅ መያዝ አለበት፣ ሾፌሩም ይህን በዓይኑ ማየት አለበት።

መሬቱ ላይ የፈሰሰ ነገር ካለም ይናገራል። ጥቁር ወይም ቡናማ ቅባት አብዛኛውን ጊዜ የሞተር ዘይት ነው። አረንጓዴ ወይም ቀላ ያለ ውሃ መሰል ፈሳሽ ከራዲያተር የመጣ ሊሆን ይችላል። ንጹሕ ውሃ ከአየር ማቀዝቀዣው ከሆነ አያሳስብም። ከጎማ ውስጠኛ ጎን የሚንጠባጠብ ቅባት ግን የፍሬን ዘይት ሊሆን ስለሚችል፣ መካኒክ ሳያየው መኪናው ከግቢ አይውጣ።

ጎማው ምን ይላል?

ብዙ ሰው ጎማን በእግሩ መታ መታ አድርጎ ያልፋል። ይህ ልኬት አይደለም። የሚያስፈልገው የአየር መጠን በአብዛኞቹ መኪናዎች በሾፌሩ በር መክፈቻ ጠርዝ ላይ ተለጥፎ ይገኛል። በጎማው ጎን ላይ የሚጻፈው ጎማው ሊሸከም የሚችለው ከፍተኛው መጠን ስለሆነ ሁለቱን ማምታታት አይገባም። አየር የሚለካውም ጎማው ሳይሞቅ ነው።

በጎማው ጥርሶች መካከል ትንንሽ ጉብታዎች አሉ። ጥርሱ አልቆ ከጉብታው ጋር እኩል ከሆነ ጎማው ጊዜውን ጨርሷል። በብዙ አገሮች ሕግ የተፈቀደው ዝቅተኛ የጥርስ ጥልቀት 1.6 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በክረምት ዝናብ ግን ከዚያ ሳይደርሱ መቀየር ይሻላል። ያገለገለ ጎማ የሚገዛ ሰው ደግሞ ጥርሱን ብቻ አይቶ መግዛት የለበትም። በጎኑ ላይ «ዶት» ከሚለው የላቲን ምልክት በኋላ መጨረሻ ላይ ያሉት አራት አሃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ያሳያሉ። ለምሳሌ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። ተለዋጭ ጎማው አየር እንዳለው፣ ክሪኩና የብሎን መፍቻው በቦታቸው መኖራቸውንም ልጁ በገዛ እጁ ያረጋግጥ።

ኮፋኖ ሲከፈት

ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኮፋኖ፣ ፍሬቻ፣ ጎሚስታ የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ ወደ ጋራዦቻችን የገቡ ናቸው። አያቶች በእነዚህ ቃላት አድገዋል። ወጣቶች ደግሞ የክፍሎቹን ስም ከእንግሊዝኛ ይማራሉ። መንገድ ላይ መካኒክ «ኮፋኖውን ክፈት» ሲለው ልጁ ግራ እንዳይገባው ሁለቱንም ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

የሞተር ዘይት የሚታየው መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ከቆየ በኋላ ነው። መለኪያው ዘንግ ይወጣል፣ ይጠረጋል፣ እንደገና ገብቶ ይወጣል። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆን አለበት። የራዲያተር ክዳን ሞተሩ እንደሞቀ ፈጽሞ አይከፈትም። የፈላው ውሃ በግፊት ወጥቶ ፊትና እጅ ያቃጥላል። የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያም የላይና የታች ምልክት አለው። ከቀነሰ ወይ የፍሬን ሸራው እያለቀ ነው፣ ወይ የሚፈስ ቦታ አለ። ምክንያቱን ሳያውቁ ዘይት ጨምሮ መሄድ ችግሩን መሸፈን ነው።

ፔዳሉን በእግር መፈተን

ልጁ ወንበሩን ያስተካክል፣ ስፖኪዮዎቹን ያስተካክል፣ ቀበቶውን ይሰር። ከዚያ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የፍሬን ፔዳሉን ደጋግሞ ይርገጥ። ፔዳሉ እየጠጠረ ይሄዳል። እግሩን ሳያነሳ ሞተሩን ሲያስነሳ ፔዳሉ ጥቂት ዝቅ ማለት ይኖርበታል። ይህም የፍሬኑ ኃይል አጋዥ እንደሚሠራ ያሳያል። ዝቅ ካላለ፣ እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ ወይም ቀስ እያለ ወደ ወለሉ ከሰመጠ ጉዞው ይቅርና ጋራዥ ይጠራ። ሁሉም ደህና ከሆነ መኪናው እንደተንቀሳቀሰ በእርምጃ ፍጥነት ሳለ አንዴ ፍሬን ይያዝ። ወደ አንድ ጎን የሚስብ መኪና መታየት አለበት።

ይህን ሁሉ ለምን ብሎ ለሚጠይቅ ወጣት ቁጥር ይናገርለት። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ይጓዛል። አንድ ሰው አደጋ አይቶ እግሩ ፍሬኑን እስኪነካ ብቻ ያን ያህል መንገድ ሊሄድ ይችላል። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ደግሞ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል።

ለአያቶች የሚሆን ሥራ

የኋላ የፍሬን መብራት ሾፌሩ ብቻውን ሊያየው የማይችለው ነገር ነው። እዚህ ላይ አያት ያስፈልጋሉ። አንዱ ሲረግጥ ሌላው ከመኪናው ኋላ፣ ራቅ ብሎ፣ ወደ ጎን ቆሞ «በርቷል» ይበል። ፍሬቻዎቹ በግራም በቀኝም፣ የፊት መብራቱ በረጅምና በአጭሩ ይታዩ። ረዳት ከሌለ የኋላውን ብርሃን ምሽት ላይ በአጥር ግንብ ላይ ማየት ይቻላል።

ልጁ የመስታወት ጉም ማጥፊያውን፣ የዝናብ መጥረጊያውንና የአደጋ ጊዜ መብራቱን መኪናው ቆሞ ሳለ ፈልጎ ያግኝ። ዝናብ ሲጥል እየነዱ ማብሪያ መፈለግ ዓይንን ከመንገድ ያነሳል። ከመሪው ፊት የሚበሩት ምልክቶችም ቋንቋ አላቸው። ቀይ ከሆነ በጥንቃቄ ዳር ይዞ መቆም፣ ቢጫ ከሆነ ቶሎ ማስመርመር ነው። የዘይት ወይም የሙቀት ቀይ መብራት በርቶ «ቤት እስክደርስ» ማለት ብዙ ሞተር አቃጥሏል።

ቁልቁለትና ፎሌ

ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ አንድ መጥፎ ልማድ አለ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ቁልቁለት ላይ ማርሹን ፎሌ ማድረግ፣ አልፎም ሞተሩን ማጥፋት። ፎሌ ሲሆን ሞተሩ መኪናውን መያዙን ይተዋል፣ ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ እንደሚወርደው ባለ ረጅም ቁልቁለት ላይ ያለማቋረጥ የተያዘ ፍሬን ይግላል፣ ሲግል ደግሞ የመያዝ ኃይሉ ይደክማል። ሞተሩ ከጠፋ የፍሬኑ አጋዥ ከጥቂት ርግጫ በኋላ ያልቃል፣ መሪው ይከብዳል። ቁልፉ ተስቦ ከወጣ መሪው ሊቆለፍም ይችላል። መፍትሔው ቁልቁለቱ ሳይጀምር ወደ ዝቅተኛ ማርሽ መግባት ነው። በአውቶማቲክ መኪናም ዝቅተኛ ማርሽ መምረጫ አለ፣ ልጁ የት እንዳለ አስቀድሞ ይወቀው።

መኪናው ኤሌክትሪክ ከሆነስ?

ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ በየሰፈሩ የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ነው። የሞተር ዘይት የለውም፣ ፍተሻው ግን አይቀርም። ጎማው፣ ፍሬኑ፣ መብራቱ፣ ቀበቶው ያው ነው። እንዲያውም ድምፁ ዝቅተኛ ስለሆነ ግቢ ውስጥ ያለ ሕፃን ሲንቀሳቀስ ላይሰማው ይችላል። መነሳቱም ሳይታወቅ የነዳጅ ፔዳል የለመደ እግር ቢረግጠው በቅጽበት ይፈተለካል። ዙሪያውን መዞር ለዚህ መኪና ይበልጥ ያስፈልጋል።

በዓመት አንዴ ለቦሎ የሚደረግ ምርመራ የዕለቱን ፍተሻ አይተካም። ጎማ በአንድ ሌሊት ይተነፍሳል፣ አምፖል በአንድ ምሽት ይቃጠላል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለውም ለዚህ ነው። ልጅዎ ይህን ልማድ እንዲይዝ ከፈለጉ ነገ ጠዋት ወደ ሥራ ሲወጡ እርስዎ ራስዎ መኪናዎን አንድ ጊዜ ዞረው ይግቡ። እሱ በመስኮት እያየ ነው።