ሠላሳ ሴኮንድ ለእናትና ለልጅ

ማታ ከሥራ ገብተው፣ የእራቱ ገበታ ከፍ ካለ በኋላ፣ በቤትዎ ያለው ቴሌቪዥን ምን ሲያሳይ ያመሻል? ልጆችዎስ ሲያዩ ዝም ብለው ነው የሚያዩት ወይስ አፋቸው ይንቀሳቀሳል? ይህን መጠየቃችን ያለ ምክንያት አይደለም። ተመልካቹ ቁጭ ብሎ ማየት የማይችልበት፣ ወረቀትና እርሳስ ፈልጎ ከተወዳዳሪዎቹ እኩል የሚሟገትበት አንድ የቴሌቪዥን ጨዋታ አለና ስለ እርሱ ልናጫውትዎ ነው። በሆሳዕና ከተማ በአንድ ቤት ያየነውንም እግረ መንገዳችንን እንነግርዎታለን።

ጨዋታው የፊደልና የቁጥር ውድድር ነው። የተወለደው በፈረንሳይ አገር ሲሆን፣ አርማን ዣሞ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1965 «ረጅሙ ቃል» በሚል ስም ጀመረው። በ1972 ቁጥር ተጨመረበትና «ቁጥሮችና ፊደሎች» ተባለ፤ እስከ 2024 ድረስም ታየ። ከዚያው ተቀድቶ በእንግሊዝ አገር «ካውንትዳውን» በሚል ስም የተጀመረው እ.ኤ.አ. ኅዳር 2 ቀን 1982 ነው። ይህ ቀን በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 23 ቀን 1975 ዓ.ም. መሆኑ ነው። የእኛው ቴሌቪዥንም ሥራውን የጀመረው ከዚያ 18 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በዚያው በጥቅምት 23 ቀን፣ በ1957 ዓ.ም. ነበር። እንዲያው የቀን መገጣጠም ነው፤ እኛን ግን ገርሞናል።

አጨዋወቱ እንዲህ ነው። ሁለት ሰዎች ይቀመጣሉ። ዘጠኝ ፊደሎች ይወጡና በ30 ሴኮንድ ውስጥ ከእነርሱ ረጅሙን ቃል የሠራ ነጥቡን ይወስዳል። በቁጥሩ ዙር ስድስት ቁጥሮች ይወጣሉ፤ ከዚያም አንድ ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር ይታያል። ተወዳዳሪዎቹ በመደመር፣ በመቀነስ፣ በማባዛትና በማካፈል፣ አንዱን ቁጥር ከአንድ ጊዜ በላይ ሳይጠቀሙ እዚያ መድረስ አለባቸው። በትክክል የደረሰ 10 ነጥብ፣ በአምስት ወይም ከዚያ ባነሰ የራቀ 7፣ እስከ አሥር የራቀ ደግሞ 5 ያገኛል። ነገር ግን ይበልጥ የቀረበው ብቻ ነው ነጥብ የሚይዘው። በመጨረሻ የተዘበራረቀ ባለ ዘጠኝ ፊደል ቃል ይቀርብና ቀድሞ የለየው 10 ነጥብ ያገኛል። እንግዲህ ሁለቱ ተወዳዳሪዎች እዚህ ሲደርሱ ልዩነታቸው ከአሥር ያልበለጠ ከሆነ ያ የመጨረሻው ቃል ምን ያህል ልብ እንደሚያንጠለጥል ይገምቱ። ቀድሞ ደውሎ የተሳሳተ ሰው ዕድሉን ያጣል፤ የቀረው ጊዜ ሁሉ ለባላጋራው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1997 የሆነውን የጨዋታው ወዳጆች እስከ ዛሬ ያወሩታል። የወጡት ቁጥሮች 25፣ 50፣ 75፣ 100፣ 3 እና 6 ነበሩ፤ የሚፈለገው 952። አንዱ ተወዳዳሪ መቶና ስድስትን ደመረ፣ በሦስት አባዛና 318 አለ። ይህንንም በ75 አባዝቶ 23,850 አደረሰው! ከዚያ 50 ቀነሰና በ25 አካፈለው፤ 952። ሠላሳ ሴኮንድ ውስጥ ነው እንግዲህ። ካላመኑን እርሳስ ያንሱ።

ሰሌዳው ላይ የሒሳቡን ሥራ ትሠራ የነበረችው ካሮል ቮርደርማን ነበረች። የእርስዋ አመጣጥ ለእናቶች የሚነገር ነው። እናትዋ ሦስት ልጆቿን ያለ አባት ያሳደገች ሴት ናት። አንድ ቀን ጋዜጣ ስታገላብጥ፣ ለአዲስ የቴሌቪዥን ጨዋታ በሒሳብ ጎበዝ የሆነች ሴት ትፈለጋለች የሚል ማስታወቂያ አየች። የ21 ዓመት ልጅዋ ከካምብሪጅ በምሕንድስና ብትመረቅም ውጤትዋ ዝቅተኛ ነበርና በራስዋ ብዙም አትተማመንም። እናት ምን አደረገች? ማመልከቻውን ራስዋ ጽፋ የልጅዋን ፊርማ አስመስላ ፈርማ ላከችው። ልጅትዋም ገብታ 26 ዓመት ሠራች። ፊርማ አስመስሎ መፈረምን እንዲለምዱ አንመክርም፤ የእናት ዓይን ግን ምስክር ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈውን እንደሚያይ አይካድም።

አሁን ወደ ሆሳዕና እንመለስ። ባለፈው ክረምት ዝናቡ አላስወጣ ብሎን ያመሸንበት ቤት እመቤት በአንድ ሱቅ ገንዘብ ተቀባይ ናት። ከእርስዋ ጋር አማትዋና የ13 ዓመት ልጅዋ ይኖራሉ። ዱራሜ ተወልዳ እዚህ የተዳረች ጎረቤትም ነበረች። ልጅትዋ በትምህርት ቤት የጥያቄና መልስ ውድድር በመጨረሻው ጥያቄ በአንድ ነጥብ ተሸንፋ፣ ልጆች ስቀውባት፣ ከዚያ ወዲህ በክፍል ውስጥ እጅዋን ማውጣት ትታለች። «አውቀዋለሁ፤ ግን ቢሳሳትስ» ነው የምትለው። እናትየው ይህ ነገር እንቅልፍ ነስቷት ይህን ጨዋታ ከካርቶን ቆርጣ ሠራች።

እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ፤ እርስዎም ቢሞክሩት ይገጥምዎታል። የፈረንጅ ፊደል ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ነው። የእኛ ግን «ቡ» ብሎ ከወጣ ቡ ነው፤ ከእርሱ ቃል ለመሥራት ያስቸግራል። ስለዚህ እናትየው እያንዳንዱ ካርቶን የፊደሉን ቤት እንዲወክል አደረገች። «በ» የወጣለት ሰው ከበ እስከ ቦ የፈለገውን ይጠቀማል። ድምፃቸው አንድ የሆኑትን፣ እነ ሐንና ኀን፣ ሠን፣ ዐንና ፀን ስታስወጣ ከ33ቱ 28 ቀሩላት። ነጥቡ በፊደል ቁጥር ነው፤ አራት ፊደል አራት ነጥብ።

በመጀመሪያው ዙር ለ፣ መ፣ ሰ፣ በ፣ ረ፣ ቀ፣ ተ፣ ነ፣ ደ ወጡ። እናት «ሰንበት» አለች፤ አራት። ልጅ ደግሞ ቀስ ብላ «ስለተደበቅን» ብላ ጻፈች፤ ሰባት! ክርክር ተነሣ። ይህ ቃል ነው ወይስ ሙሉ ዓረፍተ ነገር? ጎረቤትየዋ «እንዲህማ ከሆነ አማርኛ ማለቂያ የለውም» ብላ ተቃወመች። ፍርዱ ለአያትየው ተሰጠ። እርሳቸው ካርቶኑን አቅርበው አዩና «ሲጽፉት አንድ ላይ ከሆነ አንድ ነው» አሉ። እኛም በፍርዱ ተስማምተናል፤ ግስ እየረባ የሚረዝም ቋንቋ ይዞ የፈረንጅን ሕግ መቁጠር አይገባም።

እኒህ አያት ፊደል የቆጠሩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ያ ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ ሀዲይሳና ከምባትሳ ከእነዚያ መካከል ነበሩ፤ የሚጻፉትም በግዕዝ ፊደል ነበር። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ግን ሁለቱም በላቲን ፊደል መጻፍ ጀመሩ። ስለዚህ አያትና የልጅ ልጅ አንድ ቋንቋ እየተናገሩ አንዳቸው የጻፉትን ሌላው ማንበብ ያቅተዋል። ቁጥር ላይ ግን ሁሉም ይገናኛሉ። አያትየው ነጥቡን የሚቆጥሩት በሀዲይሳ ነው፤ ማቶ፣ ላሞ፣ ሳሶ። ጎረቤትየዋ በከምባትሳ ስትከተላቸው እስከ ሦስት አብረው ይሄዱና አራት ላይ አንዳቸው ሶሮ ሲሉ ሌላዋ ሾሎ ትላለች፤ አምስት ላይ ኦንቶ ብለው እንደገና ይገጥማሉ። አሥር ላይ ቶሞና ቶርዱሞ ተባብለው ሲሳሳቁ ልጅትዋም ሳቀች።

በቁጥሩ ዙር 50፣ 10፣ 8፣ 7፣ 3 እና 2 ወጡ፤ የሚፈለገው 367። ልጅ 50ን በ7 አባዝታ 350፣ 10ና 8 ጨምራ 368 ላይ ቆመች። እናት እዚያው ደርሳ «ሦስት ብር ስጭኝና ሁለት ልመልስልሽ» አለች፤ ከሦስት ሁለት ሲነሳ አንድ፣ ከ368 አንድ ሲነሳ 367። ልጅትዋ አፍዋን ከፍታ እናትዋን አየቻት። ቀኑን ሙሉ የሰው መልስ ስትቆጥር የምትውል ሴት ሒሳብ እንደምትሠራ እስከዚያች ሰዓት ልብ ያለችው አይመስለንም። ብዙዎቻችን እናቶች ራሳችን ልብ አላልነውም። በገበያ ሻጩን በቃል ሒሳብ የምትረታ ሴት፣ የልጅዋን ደብተር ሲያሳይዋት «ይህ የአባትህ ነው» ትላለች።

ይበልጣሉ፣ ያንሳሉ፤ ዙሩ ቀጠለ። ከመጨረሻው ቃል በፊት ልጅ 31፣ እናት 24 ሆኑ። የቀረው 10 ነጥብ ነው። ልጅትዋ ከለየች አበቃ፤ እናትየዋ ከለየች ተገለበጠ። አያትየው ጓዳ ገብተው አሰቡና በእጃቸው ጽፈው አምስት ፊደል አመጡ፤ በዚህኛው ዙር ፊደሉ እንዳለ ነው፣ አይለወጥም።

ብ ል ን ላ ድ

ሰዓቱ ከስልክ ላይ መሮጥ ጀመረ። ቀድሞ የስኒውን አፍ የመታ ነው የሚናገረው። ልጅትዋ አምስት ሴኮንድ ሳይሞላ መታች። መታችና… ዝም። ቃሉ ጠፋባት። ፊትዋ ቀላ፤ ያው የትምህርት ቤቱ ቀን መጣባት። ማንም አልሳቀም። ጎረቤትየዋ ዓይንዋን ወደ ቡናው ጀበና መለሰች። ሕጉ ሕግ ነውና ተራው የእናት ሆነ። እዚህ ላይ እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር? ልጅዎ እንድታሸንፍ ብለው ዝም ይሉ ነበር? እኛ እናትየው ዝም ትላለች ብለን ነበር።

እናትየው ግን ከሰዓት በኋላ በርበሬ ስታዘጋጅ ነው የዋለችው። መዳፍዋን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችና፣ «ድንብላል» አለች።

34 ለ31። ልጅትዋ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። እናትየው ልትከተላት ስትል አያትየው በእጃቸው ምልክት አስቀሩዋት። እኛም ከዚህ የተማርነው አለን፤ የተሸነፈ ልጅ ወዲያው ሲባበል «ተዋርጃለሁ» ብሎ ያምናል። የጎረቤት ልጅን እየጠሩ ማወዳደርም እንዲሁ ነው። ጥቂት ጊዜ ይስጡት።

ካርቶኑን ከማንኛውም የዕቃ መያዣ ቆርጠው መሥራት ይችላሉ። እንደ ረ፣ ነ፣ ተ፣ ለ፣ መ፣ በ ያሉትን ሁለት ሁለት ያድርጓቸው፤ ጰንና ፐን ከነጭራሹ ቢተዉዋቸውም አይጎዳም። ቁጥሩን ከ1 እስከ 10 ሁለት ሁለት፣ ከዚያም 25፣ 50፣ 75 እና 100 አንዳንድ ያዘጋጁ። ለትንንሾቹ ሠላሳው ሴኮንድ ስድሳ ቢሆን ማን ይከስዎታል? ለያሆዴና ለመሳላ ቤተ ዘመድ ሲሰበሰብ፣ አተካናው ተበልቶ ሁሉ ሲጠግብ፣ ከዚህ የተሻለ ጨዋታ አይገኝም።

ልጅትዋ ከሩብ ሰዓት በኋላ ተመለሰች። በእጅዋ አንድ ቁራጭ ካርቶን ይዛለች፤ የላቲን ፊደል ተጽፎበታል። «የሚቀጥለው በሀዲይሳ ነው፤ እናም አያቴ ትጫወታለች» አለች። አያትየው ካርቶኑን ወስደው ገለባብጠው አዩትና፣ «ይህን ፊደል መጀመሪያ አስተምሪኛ፣ ከዚያ እንዋዳደር» አሏት። እኛ ዝናቡ አባርቶልን ስንወጣ ሁለቱ ከመብራቱ ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር።