ዕጣ የሚያወጣ መሣሪያ ስንት ያወጣል?

በሐምሌ 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ለ25,491 የጋራ መኖሪያ ቤቶች የወጣው ዕጣ ብዙ ቀናት ሳይቆይ ተሰረዘ። የከተማው አስተዳደር በኮምፒውተር ሥርዓቱ ላይ ማጭበርበር መፈጸሙን አስታወቀ፤ ተጠርጣሪዎች ታሰሩ፤ ዕጣው በኅዳር 2015 እንደገና ወጣ። ለዓመታት ከጉሮሮው ቀንሶ የቆጠበ ሰው በማሽን ላይ ያለው እምነት እንዲህ ሲነካ ጉዳቱ ቀላል አይደለም። የዕጣ ቁጥር ከየት እንደሚመጣ፣ የሚያመነጨውን መሣሪያ ለመሥራትስ ምን ያህል እንደሚያስወጣ ማወቅ ወለጋ ውስጥ ነቀምቴም፣ ጊምቢም፣ ደምቢ ዶሎም ለሚኖር ሰው የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ኮምፒውተር በቀመር ብቻ የሚያወጣው ቁጥር ዘፈቀደ ይመስላል እንጂ አይደለም። ቀመሩንና መነሻ ቁጥሩን ያወቀ ቀጣዩን ሁሉ ያውቃል። እውነተኛው ዘፈቀደ የሚገኘው ከተፈጥሮ ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1957 የቁጠባ ቦንድ ሽልማት ማውጣት ሲጀምሩ «ኧርኒ» ያሉት ማሽን ቁጥሩን የሚቀዳው በኒዮን ቱቦዎች ውስጥ ከሚፈጠር የኤሌክትሪክ ሁከት ነበር። ዛሬ ያን ያህል ትልቅ ማሽን አያስፈልግም። የአንድ ተራ ትራንዚስተር ቤዝና ኤሚተር በተቃራኒ አቅጣጫ 12 ቮልት ገደማ ሲሰጣቸው በመካከላቸው የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ማንም ሊተነብየው በማይችል ሁኔታ ይዘላል። ያንን ዝላይ አጉልቶ ወደ ዜሮና አንድ መለወጥ ነው ሥራው።

ዕቃው ርካሽ ነው። ትራንዚስተሩን፣ ሬዚስተሩንና ካፓሲተሩን ከተበላሸ ራዲዮ ወይም ቴሌቪዥን ቦርድ ላይ ነቅሎ ማውጣት ይቻላል፤ ይህ ለጥገና ባለሙያ አዲስ ነገር አይደለም። ከሁሉ የሚወደደው ምልክቱን የሚያነበው ትንሽ ኮምፒውተር ሲሆን እሱም ጥቂት ዶላር ነው። ኢኤስፒ32 የተባለው ቺፕ እንዲያውም የራሱ ማመንጫ አለው፤ ሆኖም ዋይፋዩ ወይም ብሉቱዙ ካልበራ፣ አለዚያም የውስጥ የሁከት ምንጩ ካልተከፈተ፣ የሚሰጠው ቁጥር አስተማማኝ አይደለም። ይህን መመሪያ ሳያነቡ የሚያልፉ ብዙ ናቸው ብዬ እሰጋለሁ።

ተሠርቶ የሚሸጠው፣ በዩኤስቢ የሚሰካው፣ ከ40 እስከ 100 ዶላር ገደማ ነው። በብርሃን ቅንጣት የሚሠራው የኳንተም መሣሪያ ወደ ሺህ ዶላርና ከዚያም በላይ ይሄዳል። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲተው ከ60 ብር በታች የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል፤ ስለዚህ በብር ሲታሰብ በአገር ውስጥ መሥራት ከቀድሞው ይበልጥ ያዋጣል። ቁጥር ከኢንተርኔት መለመን ደግሞ ለወለጋ አይሆንም። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት 2012 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለምና በሆሮ ጉዱሩ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደነበር የአካባቢው ሰው ያስታውሳል።

እውነተኛው ወጪ ማረጋገጥ ላይ ነው። ከትራንዚስተር የሚወጣው ጥሬ ምልክት ወደ ዜሮ ወይም ወደ አንድ ማድላቱ አይቀርም። ጆን ፎን ኖይማን እ.ኤ.አ. በ1951 ያቀረበው መፍትሔ ምንም አያስከፍልም፤ ቁጥሮቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ፣ ተመሳሳይ ጥንዶችን ጥሎ፣ ከተለያዩት የመጀመሪያውን መያዝ ነው። ቢያንስ ግማሹ ጥንድ ይጣላል፤ መሣሪያው ግን ፈጣን ስለሆነ አያስቆጭም። መሣሪያው ቀስ በቀስ ቢበላሽስ? ይህንን የፎን ኖይማን ዘዴ አይፈታውም፤ መሣሪያው መመርመር አለበት። በሌላ አገር ቤተ ሙከራ አስመርምሮ የምስክር ወረቀት ማግኘት በአሥር ሺዎች ዶላር ሊያስወጣ ይችላል፤ ቦርዱ ራሱ ግን ከአሥር ዶላር በታች ሊሠራ ይችላል።

ዕቁብ ላይ ወረቀቱ ሲጠቀለል ሁሉም ያያል። መሣሪያውም እንዲሁ ገላጣ መሆን አለበት። ኢንቴል እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በፕሮሰሰሮቹ ውስጥ ማመንጫ ስለከተተ ብዙ ላፕቶፕ ያለ ተጨማሪ ዋጋ ይዞታል፤ ውስጡን ከፍቶ ማየት ግን አይቻልም። በእጅ የተበየደው ቦርድ የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው። ይሁንና የኮንዶሚኒየሙ ጉዳይ እንዳሳየው በስም ዝርዝሩ ላይ እጁን የሚያስገባ ካለ የትኛውም ማመንጫ አያድንም፤ ዝርዝሩ ከዕጣው በፊት ለሕዝብ መለጠፍ አለበት።

በ1999 ዓ.ም. ነቀምቴ ላይ ሥራ የጀመረው ወለጋ ዩኒቨርሲቲ የእንዲህ ዓይነት መሣሪያዎችን ምርመራ ለተማሪዎቹ የመመረቂያ ሥራ ቢያደርገው ደስ ይለኛል። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም መመሪያ የሚጠይቀው በተከታታይ የተቀዳ አንድ ሚሊዮን ናሙና ነው፤ በተጨማሪ መሣሪያው 1,000 ጊዜ ጠፍቶ እየበራ በእያንዳንዱ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ 1,000 ናሙናዎች ይመዘገባሉ። ዕቃ ገና ሲበራ የሚያወጣው ቁጥር ደካማ ሊሆን ስለሚችል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት በዚህ ምክንያት አንድ ዓይነት የምስጢር ቁልፍ የያዙ በርካታ የኔትወርክ ዕቃዎች አግኝቷል። መብራት በሚሄድበትና በሚመጣበት ከተማ ከሁሉ አስቀድሞ መሠራት ያለበት ፈተና ይኸኛው ነው።