ጣሊያንና እኛ



ጣሊያን ጎንደርን የያዘው በ1928 ዓ.ም ነው። አዲስ አበባን በ1933 ሲለቅ እንኳ የጎንደሩ ጦር አልወጣም፤ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም ነው። ፒያሳ ያሉት ፖስታ ቤቱና ሲኒማ ቤቱ ያኔ የተሠሩ ናቸው። «ፒያሳ» እራሱ የጣሊያን ቃል ነው፤ ማኪያቶ፣ ጎሚስታ፣ ፍሬንም እንደዛው።

ቂሙስ? በወረራው ጊዜ ወደ ሮም የወሰዱት የአክሱም ሐውልት የተመለሰው ገና በ1997 ዓ.ም ነው። አያቴ አባታቸው አርበኛ ስለነበሩ ጣሊያን ሲባል ፊታቸው ይቀየራል። (ፓስታ ግን ይወዳሉ!) ዛሬ ፋሲልን ሊያይ የሚመጣው ጣሊያናዊ አልወረረንም። አያቴን «እሱ ቤታችን ቢመጣስ?» አልኳቸው። «ቡና አፈላለታለሁ፤ እስኪጠጣ ግን የአባቴን ታሪክ ይሰማል» አሉኝ።